የጠረግኩት ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት ከዊንጌት ወደ አዲሱ ገበያ በሚወጣ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ ገና ልጅ ነው፤ ጆሮው ላይ ነጭ ነገር ሰክቶ ከማላየው ሰው ጋር ይሳሳቃል። ዳገቱን እንደ ጀመርን የማርሹ ዘንግ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ፤ ተንቀጠቀጠና "ጧ" ብሎ ከሦስተኛ ወጣ። ሞተሩ ባዶውን ጮኸ። እኔ ምንም ሳላስብ እጄ ሄዶ ዘንጉን አንቆ ወደ ቦታው መለሰው፤ እዚያው ይዞትም ቀረ።

"ፋዘር! ምን ሆነዋል? እጅዎን!"

"ይተፋል፣" አልኩት።

"አውቃለሁ። ለምጄዋለሁ፣" አለና ወሬውን ቀጠለ።

እጄን ሰበሰብኩ። መዳፌ ግን ከመኪናው ወርጄ ቤቴ እስክገባ ድረስ ይነዝረኝ ነበር። ለምጄዋለሁ አለ። እኔም ያኔ እንደዚያ እል ነበር።

ማርሽ ይተፋል የሚባለው፣ መኪና ለማታውቅ ልንገርህ፣ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን ማለቴ ነው፣ ውስጥ ያለው ጥርስ ሲበላ ነው። ያስገባኸውን ማርሽ አልይዝም ብሎ መልሶ ይወረውረዋል። ሜዳ ላይ ቢተፋ ትሳደባለህ፣ ትመልሰዋለህ። ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ቢተፋ ግን መኪናው ወደ ኋላ ሊሄድ ነውና ያለህ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ላይ በዚያች አንድ ትንፋሽ ውስጥ ብዙ ወራት ኖሬያለሁ።

የምነዳው ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ገልባጭ ነበር። ከድንጋይ ካባ ጥቁር ድንጋይ እየጫንኩ እንጦጦ ሥር ለሚሠሩ ቤቶች አደርሳለሁ። መኪናው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ነበር። ባለንብረቷ እሁድ ቸርች ውስጥ ስትዘምር ድምጿ ሰው ያስለቅሳል ይባላል፤ ሰኞ በዚያው ድምጽ እኔን ታስለቅሰኝ ነበር። "በኢየሱስ ስም!" ብላ ከጀመረች የሚከተለው ጸሎት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስትቀጥረኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ተምረሃል?"

"ስምንተኛ ጨርሻለሁ፣ እትዬ።"

"እሰይ። ከአንተ በፊት የነበረው ፊደል አይለይም ነበር፤ ድልድዩ ተሰብሯል የሚል ሰሌዳ አልፎ ገብቶ መኪናዬን ወንዝ ውስጥ ከተተልኝ። ካሁን በኋላ ያልተማረ ሰው መሪዬን አይነካም። ከደረስኩበት በዚያው ሰዓት ቁልፌን እቀበላለሁ።"

እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። አንዲት ፊደል። የስምንተኛ ክፍሉ ወረቀት የደላላ ሥራ ነው፤ መንጃ ፈቃዱም በዚያው ወረቀት የወጣ ነው። ያደግኩት ቁስቋም ሥር ነው። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ደብተር ይዘው ሲያልፉ እኔ መሮ ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። መሮው ሲስተኝ አባቴ በመዶሻው እጀታ ጀርባዬን ይለኛል። ከጠራቢነት ወደ ጫኝነት፣ ከጫኝነት ወደ መሪው ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። መሪው ከተቀማብኝ የምመለሰው ወደ መሮው ነው። 

እንዴት ደበቅከው ብትለኝ፣ በቁጣ ነው። የመንገዱን ምልክት በቅርጹ፣ ሰፈሩን በዛፉና በቆርቆሮው ቀለም አውቀዋለሁ። ቁጥር እለያለሁ። ፊርማዬን እንደ ሥዕል ለምጄዋለሁ። ወረቀት ሲዘረጋልኝ ግን ሌላ መላ ስላልነበረኝ እቆጣለሁ፤ "ለዚህ ነው ያስቆምከኝ?" ብዬ እጮሃለሁ። የተቆጣን ሰው ና አንብብ የሚለው የለም። ሰዉ ክፉ ነው ይለኝ ነበር። ክፉም ነበርኩ። ግማሹ ግን ከዚያ የመጣ ነው።

ሦስተኛ ማርሽ መትፋት ሲጀምር መጀመሪያ ያስገባሁት ጋራዥ "ፍሪሲዮኑ ነው" አለኝ። አወረዱት፣ ቀየሩት፣ ሰቀሉት። በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ተፋ። ሁለተኛው ጋራዥ ካምቢዮውን አውርዶ ፈታው። ሲመልሱልኝ ሦስተኛ መትፋቱን አልተወም፤ ጭራሽ ከሥሩ የሚያንገጫግጭ አዲስ ድምጽ ጨመረ። ሄጄ ፎርማኑን ጠየቅኩት።

"አነዳድህ ነው እንጂ ካምቢዮው ደህና ነው። ጋሪ ነው እንዴ የለመድከው?" አለኝ፤ ልጆቹ ሳቁ።

በግንባሬ አፍንጫውን አልኩት። እነሱ አራት ነበሩ። አንዱ የክሪክ ብረት አንስቶ ቅንድቤን ከፈተው። ደሜን ግሪስ በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ መኪናዬን በሌላ መኪና ገፍተው አስፓልት ላይ አወጡኝ። ቅንድቤ ላይ ያለውን ይህን ጥቁር ጠባሳ ሰው የልጅነት ይመስለዋል። የግሪስ ነው፤ ቆዳው ውስጥ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ሌላውም ሹፌር ሲቸግረው የሚያደርገውን አደረግኩ። ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ማለቴ ነው፣ በረጅሙ ቀደድኩና የማርሹን ዘንግ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለው ብረት ጋር አሰርኩት። ዳገት ላይ ሦስተኛ አስገባና እጠመጥመዋለሁ፤ ልቀይር ስል እፈታዋለሁ። አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ ቋጠሮ ላይ። አንድ ቀን ላስቲኩ ተበጠሰና ዘንጉ ተወርውሮ የእጄን አንጓ መታኝ። አጥንቴ የተሰነጠቀ መሰለኝ። በጥርሴ ቋጠሮውን ስስብ፣ ባለንብረቷ በስልክ "የት ደረስክ? በኢየሱስ ስም፣ የት ደረስክ?" ትለኛለች።

ካምቢዮ ሠሪውን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። ከዊንጌት ከፍ ብሎ በያጅ፣ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታና ሌሎችም በሚሠሩበት አንድ ግቢ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ብቻውን ይሠራል። ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ያኔ አርባ ሳይሞላው አይቀርም፤ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ። ከካምቢዮ በቀር ሌላ አይነካም። ምን ሆነብህ እንኳ አላለኝም።

"ንዳ፣" አለና ጎኔ ተቀመጠ።

መዳፉን የማርሹ አናት ላይ ጣል አደረገው። አልጨበጠውም፤ ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው ነው የነካው። ዓይኑን ጨፍኖ ከግቢው እስከ አደባባዩ ሄድን፣ ተመለስን።

"ሦስተኛው ጥርሱ አልቋል። የኋላው ኩሽኔታ ደግሞ ያንተ አይደለም። ደህናውን አውጥተው የወደቀ ገጥመውብሃል።"

"ሳትፈታው እንዴት አወቅክ?"

"እጅህን አምጣ።"

እጄን ይዞ ከእጁ ሥር አደረገው። የእጁ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ነበር፤ ጣቶቹ ግን ረጃጅም፣ ቀለል ያሉ ናቸው። "ይቺ ትር ትር የምትለው ኩሽኔታዋ ናት። ይቺ ደግሞ የምትጎትተው ጥርስ ናት። ሰማህ?" ሰማሁ። ሰው እጄን ይዞ አንድ ነገር ሲያስተምረኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት እየተመታሁ ነው።

ሥራውን ሳምንት ወሰደበት። ዕቃ ጠፋ፤ ተገኘ፤ አልገጥም አለ፤ ሞርዶ አስገባው። በየቀኑ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜም አልጮኽኩበትም። ባለንብረቷ ግን በየሰዓቱ ትደውላለች። ቁስቋም ጋ ግንብ የሚያሠሩት ሰዎች ድንጋዩ ዓርብ ካልደረሰ ሌላ መኪና እንይዛለን ብለዋታል። "ዓርብ ያለ ምክንያት መኪናዬ ቆሞ ባገኘው አንተን አያድርገኝ" አለችኝ።

ዓርብ ቀትር ላይ ግቢው ደረስኩ። ካምቢዮ ሠሪው የለም፤ ጁምዓ ሶላት ሄዷል። በያጁና ጎሚስታው ምሳ ላይ ነበሩ። መኪናው ከክሪኩ ወርዶ በአራት እግሩ ቆሟል። ከሥሩ ገብቼ አየሁ፤ ካምቢዮው ተሰቅሏል፣ ብሎኑ ሁሉ ጠብቋል፣ ተጠርጓል። አለቀ ማለት ነው አልኩ። ትርፍ ቁልፍ ከኪሴ አይለይም።

በሩን ስከፍት የፊት መስታወቱ ላይ፣ በሹፌሩ በኩል፣ በሳሙና የተጻፈ ነገር አየሁ። ጋራዥ ውስጥ መስታወት ላይ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ስልክ ይጽፋሉ፣ ተራ ይጽፋሉ፣ የሹፌር ስም ይጽፋሉ። ቁጥር ቢሆን እለየው ነበር፤ ቁጥር አልነበረም። ስሜ መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ ያን ሳምንት እንዲያ ተግባብተን ስለነበር ስሜን የጻፈልኝ መሰለኝ። መንገዱን ስለሸፈነብኝ በምራቄ አርሼ በክርኔ ጠረግኩት።

የግቢው ሽማግሌ ዘበኛ የውጪውን በር ይዘው ቆሙ። "ሠሪው ሳይመጣ ነው የምታወጣው?"

"አባባ፣ አልቋል እኮ፤ አያዩትም? ይክፈቱልኝ!"

ጮክ ስል ከፈቱልኝ። ሰው ሁሌም ስጮህ ይከፍትልኝ ነበር።

ሦስተኛ ገባ። ቆየ። ዳገት ላይ ሞከርኩት፤ ቆየ። ካላማዳሪዬን ፈትቼ በመስኮት ወረወርኩት። ካባው ደርሼ ድንጋዩን እስከ አፍ ጫንኩና ወደ ቁስቋም ዞርኩ። ያን ቀን እየነዳሁ አፏጭቼ ነበር።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ከእግሬ ሥር ቀጭን ጩኸት መጣ። እንደ ውሻ። ጋዝ ስጨምር ይብሳል። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፀጉርና የተቃጠለ ብረት። ከማርሹ ዘንግ ሥር ጭስ ወጣና ዓይኔን ሞላው። "ሌባ! አንተም ሌባ ነህ!" ብዬ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ። ወደ ሁለተኛ ላወርድ ሳወጣው ወጣ፤ ተመልሶ ግን አልገባም። የትኛውም አልገባም። ዘንጉ እጄ ውስጥ እንደ ተተከለ ብረት ደረቀ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀ። ያ ሁሉ ድንጋይ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

በጎን መስታወቱ አንዲት ሴት አየሁ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ፣ ከወገቧ ታጥፋ በመንገዱ ዳር ትወርዳለች፤ መኪናው በስተኋላዋ እየመጣባት መሆኑን አላወቀችም። መሪውን በሁለት እጄ ጠምዝዤ መኪናውን ወደ ማዶው የድንጋይ አጥር ሰጠሁት። የሰማሁት ድምጽ የቤት መፍረስ ነው። ወደ ኋላ ተወርውሬ ስመለስ አፌ መሪው ላይ ወረደ። የፊት መስታወቱ ረግፎ ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

በሩን ከፍቼ ስወድቅ ሴትዮዋ ቆማ ነበር። አንድ ፀጉሯ አልተነካም፤ የጣለችው ሸክም ግን ጎማው ሥር ተፈጭቷል። ከተረፈው አንዱን እንጨት መዘዘችና አናቴን፣ ትከሻዬን፣ ጀርባዬን ታወርደው ጀመር። "ልትገድለኝ ነው? አንተ ከይሲ፣ ልትገድለኝ ነው?" እየመታችኝ ታለቅሳለች። አላስቆምኳትም። ሲደክማት እንጨቱን ጣለች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፌን ያዘችልኝ። "ጥርስህ የታለ? ዋጥከው?" አለችኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼን የት እንደጣልኳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጎማ መፍቻውን ብረት ከመኪናው አወጣሁ። የትኛውም ታክሲ በዚያ መልኬ አላሳፍርህም ስላለኝ ከቁስቋም እስከ ዊንጌት በእግሬ ሄድኩ። ሰው መንገድ ይለቅልኛል። አንድ ሰዓት ተጉዤ ትንሽ እንኳ አልበረድኩም።

ካምቢዮ ሠሪው ጥላው ሥር ቆሞ ባዶውን ቦታ ያይ ነበር። ለጁምዓ የለበሰውን ነጭ ጀለቢያ ገና አላወለቀም። በእጁ የካምቢዮ ዘይት የሞላ ጀሪካን ይዟል።

"መኪናው የታለ?" አለኝ። ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። "ምን ሆንክ ወንድሜ?"

በቡጢ መለስኩለት። ጀሪካኑ ወደቀና ዘይቱ ነጩ ልብስ ላይ ፈሰሰ። ደገምኩት። በያጁና ጎሚስታው ሮጠው መጡ። እሱ አፉን በእጁ ይዞ ጮኸ፤

"ምን አደረግኩህ? ዘይት የለውም ብዬ ጽፌልህ አልሄድኩም? ዘይቱን ላመጣ! መስታወቱ ላይ! በትልቁ! አታነብም እንዴ?"

 ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። ያ ነጭ ጽሑፍ ምን እንደነበር በዚያች ሰከንድ ገባኝ። ስሜ አልነበረም።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ከማንም በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ እስከዚያች ሰከንድ የመታሁት ስለ መኪናው ነው። ከዚያ በኋላ የመታሁት ያ ጥያቄ ከአፉ ደግሞ እንዳይወጣ ነው። "አልጻፈም! ውሸታም ነው! ምንም አልጻፈም!" እያልኩ መታሁት። ዘይቱ አዳልጦት ወደቀ። በቀኝ እጁ የሥራ ጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ሊነሳ ሲል ብረቱን አወረድኩት። ጣቶቹ ላይ። ድምጹ የደረቀ ጭራሮ ነው። እሱ አልጮኸም፤ ትንፋሹን ብቻ ወደ ውስጥ ሳበ።

ብረቱን ሁለተኛ ሳነሳ በያጁ ከኋላ አንቆ ጣለኝ። ከዚያ ግቢው ሁሉ ወረደብኝ። ዓይኔ እስኪዘጋ ረገጡኝ። ደግ አደረጉ።

ፖሊስ እንጥራ ሲባል ካምቢዮ ሠሪው አይሆንም አለ፤ ነገሩ በሽምግልና ይታይ ተባለ። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የግቢው ባለቤት። ካምቢዮ ሠሪው ቀኝ እጁን በጀሶ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። የኔ አንድ ዓይን ጨርሶ አልተከፈተም ነበር። የፊት መስታወቱ ረግፏል፤ ምስክር አልሆነም። ዘበኛውን ጠየቋቸው።

"ነጭ ነገር አይቻለሁ። ጽሑፍ ይሁን ሌላ፣ እኔ ፊደል የት አውቄ!" አሉ ሰውዬው።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ባለንብረቷ ተነሳች። "የእኔ ሹፌር ስምንተኛ የጨረሰ ነው! ተጽፎ ቢሆን አያነበውም ነበር? በኢየሱስ ስም፣ የተማረ ሰው ዘይት የለውም የሚል እያየ ያስነሳል?" የፈረደልኝ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩና ጉዳት በጉዳት ይቻቻል አሉ፤ መኪናውን ባለቤቷ ታሠራ፣ እጁን ባለቤቱ ያሳክም። የስምምነቱ ወረቀት ተጻፈ። ሁለታችንም በምስክር ፊት አንብበን እንድንፈርም ለእኔ ቀድሞ ተሰጠኝ።

"ዓይኔ አብጧል፤ አይታየኝም፣" አልኩ።

"አንዱ ደህና አይደለም እንዴ? በሱ እየው፤ ጎበዝ አይደለህ!" አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። እንደገና ተሳቀ።

ወረቀቱን በደህናው ዓይኔ ፊት ያዝኩት።  ቁጣዬን ፈለግኩት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቁጣ አልመጣልኝም። ባለንብረቷ በትከሻዬ በኩል ታየኛለች። "ጮክ አድርገህ አንብብ እንጂ፣ ሁላችንም እንስማው" አለች። አፌን ከፈትኩ። ካምቢዮ ሠሪው ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓይኔን ያየኝ ነበር፤ ወረቀቱን አይደለም፣ ዓይኔን። ብዙ አየኝ።

"ስጡኝ። ጥርሱም የለ፤ ምን ብሎ ያነባል። እኔ ላንብብለት፣" አለ።

በግራ እጁ ተቀበለኝና አነበበው። ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳይዘል። "ካምቢዮ ሠሪው ሥራውን ሳይጨርስ፣ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይጽፍ መኪናውን ትቶ በመሄዱ" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምጹ አልተለወጠም። ጻፍኩ ያለው ሰው፣ አልጻፍክም የሚለውን ወረቀት በራሱ አፍ አነበበው። ከዚያ በግራ እጁ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ፣ ፈረመ። እኔ ሥዕሌን ሣልኩ።

መሪው አልተቀማብኝም። መኪናው ተሠርቶ ሰባት ዓመት ነዳሁት። እሱ ጀሶው ሲፈታለት ጣቶቹ ተጣምመው ገጥመው ነበር፤ አይታጠፉም፣ አይዘረጉም። ብሎን የማይዝ እጅ ካምቢዮ አይሠራም። ጥላው ሥር ሌላ ሰው ገባ። እኔ በዚያ ግቢ በር ላለማለፍ መንገድ አዞር ነበር፤ ነዳጅ ይጨምር፣ ባለንብረቷ ትጩህ፣ አዞር ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ ከሚስቴ በቀር ማንም ሳያውቅ። የምታስተምረን ልጅ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ስጨርስ አጨበጨበችልኝ። ሌሎቹ ሲደርሳቸው ያለቅሳሉ፤ እኔ ተናደድኩ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው እንዴ? ለዚህ ነው የሰው እጅ የሰበርኩት? ወጥቼ አጥሩን በእግሬ መታሁት።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ወደ ካምቢዮ ሠሪው ለመሄድ አሥር ዓመት ፈጀብኝ። ያለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሄድኩ። የወንድሙ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ባትሪ ይሸጥ ነበር። ጺሙ ነጭ ሆኗል።

"ምን ልስጥህ?" አለ ቀና ሳይል። ከዚያ ቀና አለ። አወቀኝ።

ለዓመታት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ማንበብ አልችልም ነበር" የሚል ብቻ ነው።

"አውቃለሁ። ዓይንህ ቆሞ ነበር። የሚያነብ ሰው ዓይን ይሄዳል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አንቱ አልኩት። እጁን ስሰብረው አንተ ነበር የምለው።

"ሴትዮዋ ቁልፉን ትቀማህ ነበራ።"

"እጅዎን ሰብሬው!"

"ሰብረኸዋል። እሷ ቁልፉን ስለቀማችህ ይገጥምልኝ ነበር?" ባትሪዎቹን በግራ እጁ ደረደረ፤ መልሶ በተናቸው። "ደግሞ ወድጄህ እንዳይመስልህ። ወላሂ ሰድቤሃለሁ። አሁንም ብርድ ገብቶ ሲቆረጥመኝ እሰድብሃለሁ። ትናንት ሰድቤሃለሁ።"

"ይስደቡኝ።"

"እየሰደብኩህ ነው እኮ የምልህ!"

ሳቅ ሊመጣ ብሎ ከሁለታችንም ቀረ። ይቅርታ አላልኩም፤ ቃሉ ለዚያ እጅ የሚበቃ አልመሰለኝም። እሱም አልጠየቀኝም። ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየን።

የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ተነስቶ በሱቁ ጎን ማንቆርቆሪያ ይዞ ክንዱን እስከ ክርኑ ታጠበ። ሲመለስ የሸሚዙን እጅጌ አወረደ። የቀኙን ቁልፍ በግራ እጁ ቆለፈው። የግራውን ለመቆለፍ እነዚያን የደረቁ ጣቶች አመጣ፤ አልያዙለትም፤ በጥርሱ ሊረዳቸው ጎንበስ አለ። በባንኮው ላይ እጄን ሰድጄ እጅጌውን ያዝኩት። ክንዱ ገና እርጥብ ነበር። ቁልፏ ትንሽ ናት፤ የኔ ጣት የድንጋይ ጠራቢ ጣት ነው፤ አመለጠችኝ፣ ደግማ አመለጠችኝ። አዛኑ አልቆ ሰዉ ወደ መስጊድ ሲቻኮል፣ እሱ ክንዱን ዘርግቶልኝ ጠበቀኝ።